ኮክ ኦ ቫን ዓርብ ተሠርቶ እሁድ ሲቀርብ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እሁድ የባለቤቴ ቤተሰቦች ለምሳ ይመጣሉ፤ ስምንት ሰው እንሆናለን። ኮክ ኦ ቫን፣ ያንን በወይን የሚበስለውን የፈረንሳዮች የዶሮ ምግብ፣ ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሥራ ስላለኝ ዓርብ ማታ ሠርቼ ማስቀመጥ አለብኝ። ባለፈው ስሞክረው ሥጋው ደረቀ፣ መረቁ ኮመጠጠ፣ ቀለሙም አመድ የነካው ወይን ጠጅ መሰለ። ጎረቤቴ ‹ወይን ስላለበት አይበላሽም› ስላለችኝ ከነድስቱ ምድጃው ላይ አሳደርኩት። በማግስቱ ሽታው ደስ አላለኝምና ደፋሁት። ደግሞ ዓርብ ጾም ስለሆነ መቅመስ አልችልም። የአሳማ ሥጋም አልበላም። የአምስት ዓመት ልጅ ከእኛ ጋር ይበላል፤ አልኮሉ አሳስቦኛል። የተረፈውንስ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ይህ ምግብ ዓርብ ተሠርቶ እሁድ ቢበላ ይጣፍጣል እንጂ አይጎዳም። ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር በምግብ ቤት ኩሽና ስሠራ 17 ዓመት ሆኖኛል። በሠራሁባቸው ቤቶች ኮክ ኦ ቫን በተሠራበት ቀን ለእንግዳ ሲቀርብ አላየሁም። ያደረ ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ባለፈው የተበላሸብሽ ስላደረ አይደለም፤ ያደረበት ቦታ ነው ያበላሸው። ወደዚያ እመጣለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ግን ከዶሮው እንጀምር።

በፈረንሳይኛ «ኮክ» ማለት አውራ ዶሮ ነው። ምግቡ የተፈጠረውም ዕድሜው ለገፋ፣ ሥጋው ጠንካራ ለሆነ አውራ ዶሮ ነው። የጎል (የጥንቷ ፈረንሳይ) አለቃ ለሮማው ቄሳር አውራ ዶሮ ላከለት፣ ቄሳር ደግሞ በወይን አሠርቶ ጋበዘው የሚል ወሬ ትሰሚያለሽ። ተረት ነው። ነገሩ የገበሬ ቤት ብልሃት ነው፤ ያረጀውን ዶሮ ጓዳ ውስጥ ባለ ወይን፣ ቀስ ባለ እሳት ማብሰል።

አሁን አንቺ ከሱፐርማርኬት የገዛሽው ርካሽ ዶሮ ከሆነ፣ 40 ቀን እንኳ ላይሞላው ይችላል። የአገራችን ሰው «የፈረንጅ ዶሮ» የሚለው ማለት ነው። እሱን ሁለት ሰዓት ተኩል ብታንተከትኪው እንደ ጥጥ ይበጣጠሳል፤ አፍ ውስጥም ይደርቃል። የአውራ ዶሮ ሥጋ ግን በጅማትና በቆዳ መሰል ነገር የተያያዘ ነው። ያ ማያያዣ ከ70 ዲግሪ በላይ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ቀስ እያለ ወደ ጀላቲን ይቀየራል። ሥጋውን የሚያለሰልሰው፣ መረቁንም ከንፈር ላይ ጠበቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ወይኑ አይደለም የሚያለሰልሰው። ሰው ወይኑ ነው ይላል፤ ወይኑ ግን ሥጋው ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢገባ ነው።

ሊዮን ስላለሽ ዕድለኛ ነሽ። በዶሮው የታወቀው የብሬስ አገር ደጅሽ ላይ ነው። ገበያ ወጥተሽ ዶሮ ሻጩን «ኮክ» እፈልጋለሁ በይው፤ ቀደም ብለሽ ብታዢው ይሻላል። 3 ኪሎ ገደማ የሆነ ለስምንት ሰው ይበቃል። ቆራርጦ ይስጥሽ፤ አጥንቱ ጠንካራ ነው፣ በቤት ቢላዋ አትታገዪው። አውራ ዶሮ ካጣሽ እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ ትሆናለች፤ «ፑል» ይሏታል። ሁለቱም ከጠፉ «ላቤል ሩዥ» የሚል የጥራት ምልክት ያለውን ግዢ። ሜዳ ላይ የሚያድገው ላቤል ሩዥ ቢያንስ 81 ቀን ሳይሞላው አይታረድም። ግን ከዚህኛው እግርና ታፋውን ብቻ፣ ለስምንት ሰው ስምንት። ደረቱን ለሌላ ምግብ አስቀሪው፤ ይደርቃል።

ሰዓቱም እንደ ዶሮው ይለያያል። አውራ ዶሮና አሮጊቷ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈልጋሉ። የላቤል ሩዥ ታፋ 50 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

መረቁ ስለኮመጠጠው ልንገርሽ። ወይን ሲፈላ አልኮሉ ይሄዳል፣ ውሃውም ይሄዳል፤ ኮምጣጣው ግን እዚያው ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለስለስ ያለ ወይን ምረጪ። የቡርጎኝ ሰው ፒኖ ኗር ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለድስት ግን የቦዦሌ ወይም የኮት ዱ ሮን ቀይ ወይን ይበቃል። አፍ የሚይዝ ጠንካራ ካበርኔ አትጠቀሚ፤ ሲመጥ ይጎመዝዛል። በነገራችን ላይ ቀይ ግዴታ አይደለም። የአልዛስ ክፍለ ሀገር ሰዎች ሪስሊንግ በሚባል ነጭ ወይን፣ የዡራ ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ቢጫ ወይን ይሠሩታል።

ለ3 ኪሎ ዶሮ አንድ ጠርሙስ ተኩል ወይን አዘጋጂ። ሐሙስ ማታ ወይኑን ብቻውን አፍይው፤ ሲሶው ይምጠጥ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ጥሬ ወይን ውስጥ ዶሮ መዘፍዘፍ የተለመደ ስህተት ነው። አልኮሉ የሥጋውን ፊት ያደርቀዋል፤ ስትጠብሺውም ጥሬ የወይን ሽታው አይለቅም። ወይኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ዶሮውን፣ አንድ የተከተፈ ካሮት፣ አንድ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝና ሁለት የሎሪዬ ቅጠል (ቤይ ሊፍ) ጨምረሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

ጨው አሁን ነው። መቅመስ ስለማትችይ በሚዛን እንሂድ። ለአንድ ኪሎ ዶሮ 8 ግራም፣ ለ3 ኪሎ 24 ግራም። ከዚህ አትለፊ፤ መረቁ ስለሚመጥ ጨው እየጨመረ ይሄዳል። የጎደለውን እሁድ ቀምሰሽ ትሞያለሽ። ደግሞ ሳይቀምሱ መሥራት ለእኛ ሰው ብርቅ አይደለም። እናቶቻችን የፋሲካን ዶሮ ወጥ የሚሠሩት ቀዳም ሥዑር፣ ጾም ላይ ሆነው ነው። በሽታው ያውቁታል። አንቺም አፍንጫሽን እመኚው፤ ጥሬ ወይን አፍንጫ ይነካል፣ የበሰለ ወይን ግን እንደ ደረቀ ፕለም ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው።

ዓርብ ማታ ዶሮውን አውጥተሽ በወረቀት ፎጣ ደህና አድርገሽ አድርቂው። እርጥብ ዶሮ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ያ አመድ የመሰለ ቀለም ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ድስቱን አታጨናንቂው፤ ሦስት አራት ቁራጭ ብቻ እያረግሽ ቆዳው እንደ ደረቅ ቅጠል እስኪቀላ ጥበሺው። 25 ደቂቃ ይፈጅብሻል። አትቸኩዪ።

የቀለሙ ሌላው ግማሽ ምክንያት ድስቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስስ የአልሙኒየም ድስት ነበር የተጠቀምሽው? የወይን ኮምጣጣ አልሙኒየም ይበላል። መረቁ ይጠቁራል፣ ብረት ብረት ይላል። ያልተቀባ የብረት ድስትም ያው ነው። ኢናሜል የተቀባ የብረት ድስት (ኮኮት) ወይም ስቴንለስ ስቲል ይሁን።

ለአሳማው ሥጋ አትጨነቂ። ፈረንሳዮቹ የሚጨምሩት ላርዶን የሚባለው የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ሥራው ሁለት ነው፦ ስብና የጭስ ጣዕም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከተርኪ ወይም ከዶሮ የተሠራ የተጨሰ ላርዶን ይሸጣል። ቀጭን የተጨሰ የዳክዬ ደረትም አለ፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ስቡ ጣፋጭ ነው። በጥንቱ አሠራር መረቁን የሚያወፍሩት በዶሮው ደም ነበር። እኛ በዱቄትና በቅቤ እናወፍረዋለን።

ዶሮው ከወጣ በኋላ በዚያው ስብ ከወይኑ ያወጣሽውን ሽንኩርትና ካሮት አቁላዪ። ቁሌት ላይ እኛን የሚያህል የለም፤ ይሄንን ማንም አያስተምርሽም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምረሽ እስኪጠቁር ድረስ አሽው። ይሄ ቀለሙን ያድነዋል። ከዚያ ወይኑን ጨምሪና የድስቱን ቂጥ በእንጨት ማንኪያ ፋቂ፤ የተጣበቀው ቡኒ ነገር የመረቁ ነፍስ ነው። ግማሽ ሊትር የዶሮ መረቅ ጨምሪ። ወይን ብቻውን ይኮመጥጣል፣ መረቁ ነው የሚያበርደው። አንዳንዱ በስኳር ያስተካክለዋል፤ እኔ አልወደውም። ካሮቱና ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላሉ ጣፋጩ ከእነሱ ይመጣል።

ዶሮውን መልሺ፣ ክደኚው፣ 140 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስገቢውና ተዪው። ምድጃ ላይ ከሆነ እሳቱ ለስ ይበል፤ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቻ ይውጣ። የሚንፈቀፈቅ ከሆነ ሥጋው ይኮማተራል። መድረሱን ለማወቅ ታፋው ላይ ሹካ ሰክተሽ ጠምዝዢ። እምቢ ሳይል ከተላቀቀ፣ ግን አጥንቱን ካልጣለ፣ ደርሷል። ትንሽ ቢቀረው አይጎዳም፤ እሁድ ሲሞቅ ይጨርሳል።

የልጁን ነገር በቁጥር ልንገርሽ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት፣ ምግብ ውስጥ ገብቶ የተንተከተከ አልኮል ከግማሽ ሰዓት በኋላ 35 በመቶው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 25 በመቶው፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ 5 በመቶው ይቀራል። «ሁሉም ይተናል» የሚባለው ልክ አይደለም። አንቺ ደግሞ ወይኑን ቀድመሽ ስላፈላሽው የሚቀረው ከዚያም ያንሳል። ኮኛክ ጨምሮ በእሳት ማንደድ የሚሉትን ለዚህ ቤት እተወዋለሁ። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ሦስት አራተኛው አልኮል እዚያው ይቀራል፤ እሳቱም ጠባብ ኩሽና ውስጥ አደጋ ነው። ያም ሆኖ ጠብታ እንኳ እንዳይነካው የሚፈልግ ወላጅ ካለ ለልጁ ሌላ ምግብ ሥሪለት። እሱን ለወላጆቹ ነግረሽ እነሱ ይወስኑ።

አሁን ዋናው። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት።

በሙያው የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ሃያ ሊትር የሚይዝ ድስት ሙሉ ኮክ ኦ ቫን ሠርቼ፣ ደክሞኝ ስለነበር ክዳኑን ገጥሜ ትኩሱን ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አስገባሁት። ቀዝቃዛ ክፍል ነው፣ ይቀዘቅዛል ብዬ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ከላይ ጥቃቅን አረፋ ነበር። ሽታው የወይን አይደለም፤ እንደ ቦካ ሊጥ ነው። ዋና ወጥ ቤቱ ቴርሞሜትሩን መሀሉ ላይ ሰካው፤ 31 ዲግሪ። ሌሊቱን ሙሉ መሀሉ ለብ እንዳለ ነው ያደረው። አንድም ቃል ሳይናገር ሁሉንም ደፋው። ስድስት አውራ ዶሮ። ዛሬም ድስት ስከድን እጄ ያንን ያስታውሳል።

ምን ሆኖ ነው? እሳት ሁሉን አይገድልም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ተህዋስ ዘር መሰል ነገር ይሠራል፤ ያ ዘር መፍላቱን ተቋቁሞ ያልፋል። ምግቡ ለብ ሲል ይነቃል። ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ላይ ከሁሉ በላይ ይመቸዋል፤ እዚያ ላይ በየአሥር ደቂቃው ገደማ እጥፍ ይሆናል። አየር አይወድም፤ ስለዚህ የተከደነ፣ ጥልቅ ድስት ለእሱ ቤቱ ነው። ሥጋና መረቅ ደግሞ ምግቡ። ሌሎች ተህዋስያን የሚተዉት መርዝ አለ፣ መልሰሽ ብታፈይውም የማይጠፋ። «ጠዋት አፍልቼ እበላዋለሁ» የሚለው ልማዳችን የማይሠራው ለዚህ ነው።

የጎረቤትሽ ነገርም እዚህ ላይ ይወድቃል። አልኮሉ በእሳቱ ሄዷል። የቀረው ኮምጣጣ በመረቅ ቀጥኗል። ምግብን ከመበላሸት የሚጠብቅ ኃይል የለውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከኦቨን ስታወጪው ዶሮውን በጭልፋ አውጥተሽ ሰፊ ትሪ ላይ ነጠላ አድርገሽ ደርድሪው። መረቁን በወንፊት አጥሪና ጎድጎድ ባላለ ሰፊ የስቴንለስ ዕቃ ውስጥ ገልብጪው፤ ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ በቀዝቃዛ ውሃና በበረዶ ሙይ፤ ዕቃውን እዚያ ውስጥ አስቀምጪና በየጥቂት ደቂቃው አማስዪ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጅሽ ላይ ለብ እንኳ አይልም። ከዚያ ዶሮውን መረቁ ውስጥ መልሰሽ፣ ሥጋው ከመረቁ በላይ ሳይወጣ፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ክዳኑን በትንሹ ክፍት አድርጊው፤ ከዚያ ግጠሚው። ማጥፋትሽና ፍሪጅ ማስገባትሽ መሀል ከሁለት ሰዓት በላይ አይሁን።

ፍሪጁ ራሱ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን አረጋግጪ። ትንሽዬ ቴርሞሜትር ጥቂት ዩሮ ነው። ዕቃውን በበሩ በኩል ሳይሆን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጊው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። እንዲህ የተቀመጠ ኮክ ኦ ቫን ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል። ዓርብ የሠራሽው እሁድ ላይ ደህና ነው፤ ማክሰኞ ማታ ግን መጨረሻው ይሁን።

እሁድ ጠዋት ስትከፍቺው ከላይ ወርቃማ ስብ ረግቶ ታገኛለሽ። በማንኪያ ግፈፊው። ሥሩ ያለው መረቅ እንደ ጄሊ ሆኗል፤ ጣትሽን ብታሳርፊበት ይንቀጠቀጣል። ያኔ ትክክለኛ ዶሮ መግዛትሽን ታውቂያለሽ።

በቀስታ አሙቂው፦ ምድጃ ላይ ለስ ባለ እሳት 30 ደቂቃ፣ ወይም ተከድኖ 150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 45 ደቂቃ ገደማ። የሥጋው መሀል 74 ዲግሪ ይድረስ፣ መረቁም አንዴ ይፍላ። ከዚያ ዶሮውን አውጥተሽ በፎይል ሸፍኚው፣ መረቁንም ለብቻው አወፍሪ። 30 ግራም የገበታ ቅቤና 30 ግራም ዱቄት በሹካ አሽተሽ ሊጥ አድርጊውና፣ በሚንተከተከው መረቅ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያልሽ በማማሰያ ምቺው። የነጠረውን የእኛን ቅቤ ግን አትንኪው፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ወይኑን ይውጠዋል። አምስት ደቂቃ ሲንተከተክ የዱቄቱ ጥሬነት ይጠፋል። መረቁ የማንኪያውን ጀርባ ከሸፈነ በቂ ነው። አሁን ቅመሺና ጨውና ቁንዶ በርበሬ አስተካክዪ።

እንጉዳዩና ጥቃቅኖቹ ሽንኩርቶች የእሁድ ሥራ ናቸው። እንጉዳዩን በሚያቃጥል መጥበሻ፣ ሳታጨናንቂ፣ ውሃው እስኪደርቅ ጥበሺው። ሽንኩርቶቹን በቅቤና በጥቂት ውሃ እስኪያብለጨልጩ። ላርዶኑንም ያኔ ጥበሺው። ዓርብ ብታስገቢያቸው ሁሉም ይልፈሰፈሳሉ። አጠገቡ የተቀቀለ ድንች ወይም ሰፋፊ ፓስታ፣ ዳቦም አይቅር።

ስለ ፍሪዘሩ፦ ይቻላል፣ እንዲያውም በደንብ ይቻላል። ግን በዱቄት ከመወፈሩ በፊት፣ እንጉዳይና ድንች ሳይገባበት። ዱቄቱ ሲቀልጥ ይለያያል፣ እንጉዳዩ ላስቲክ ይሆናል፣ ድንቹ ይፈረፈራል። ስለዚህ ይተርፋል ብለሽ ካሰብሽ ከእሁድ በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጥቂት ቁራጭ ከነመረቁ ለይተሽ አስቀምጪ። ለሁለት ሰው የሚሆን በአንድ ከረጢት፣ ጠፍጠፍ አድርገሽ፣ ቀኑን ጽፈሽ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ስታወጪው ከአንድ ቀን በፊት ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፤ ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ከፍሪዘር ወጥቶ አንዴ የሞቀውን ደግሞ መልሰሽ አታሙቂ፤ የምትበይውን ያህል ብቻ ነው የሚወጣው።

ከገበታ የተረፈው መረቅ ብቻ ከሆነ ግን ፍሪዘሩን ተዪው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢውና ሰኞ ማታ በትንሽ ድስት አፍይው፣ እሳቱን ለስ አድርጊና እንቁላል ስበሪበት። አራት ደቂቃ። ቡርጎኞች «ኧፍ አን ሙሬት» የሚሉት በወይን መረቅ የበሰለ እንቁላል አላቸው፤ የዚህ ወንድም ነው። በነጭ ሽንኩርት የታሸ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ይቀርባል። ዶሮ ወጥን ያለ እንቁላል ማሰብ ለማይሆንልን ለእኛ፣ ከእሁዱ ምሳ ይልቅ የሰኞው እራት ሊጥምሽ ይችላል።